ለብቻ የሚዋጥ

«የቦሰና ጠላ እኮ ሰው ሊፈጅ ነበር!»

ሸጌ ይህን የሰማችው ከቤቷ ጀርባ፣ ከቦኖው በሚለያት የድንጋይ አጥር ሥር ቁጢጥ ብላ ድስት ስትፈትግ ነው። ሌላው የሰቆጣ ሰው ወሬ ሲያምረው ሬዲዮ ይከፍታል፤ ሸጌ ግን ቦኖ ስላላት ለባትሪ ድንጋይ ብር አውጥታ አታውቅም። ውኃ በሚመጣበት ጠዋት ቢጫው ጄሪካን ከአጥሩ ማዶ ይደረደራል፤ ከጄሪካኑ ጋር የከተማው ጉድም አብሮ ይሰለፋል። የማን ልጅ ቤሩት እንደገባች፣ የማን ሚስት አኩርፋ አምደወርቅ እናቷ ቤት እንደሄደች፣ ሳሙና ስንት እንደጨመረ፣ ሁሉንም ሸጌ እጇ አመድ እንደነካ ትሰማለች። ዛሬ የተነሣው የትናንቱ የማርያም ማኅበር ነበር። የምታወራው ማስተዋል ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት አላትና ድምጿ ደንበኛ መጥራት የለመደ ነው።

«እኔን አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። እኔስ ይሁን፣ አባ አሥራተ ማርያም መስቀላቸውን ለሰው አስይዘው ወደ ጓሮ ሲሮጡ አላየሽም? እንክርዳድ ነው! ርካሽ ገብስ ገዝታ ሳትለቅም አስፈጭታ ነዋ። ደግሞ እትየ ሸጌን ልብ ያላት አለ? ጽዋውን ከንፈሯን ነክታ መለሰችው። ጣሳው ሲዞርም እጇን አልዘረጋች። ጓደኛዋ አይደለች፣ ጓዳዋን ታውቃለች። አውቃ ነው ያልጠጣች!»

የሸጌ እጅ ድስቱ ላይ ቀረ። አውቃ ነው መባሏ ሐሰት አልነበረም፤ የምታውቀው ነገር ግን ሌላ ነው። ትናንት መጀመሪያ ቄሱ ነጠላቸውን ሰብስበው ሮጡ። ቀጥሎ ማስተዋል ተነሣች፣ ከማስተዋል ቀጥሎ ሌሎቹ፤ ሸጌ የሮጠውን ሁሉ በዓይኗ ስትከተል፣ አንድ ሳይቀር ጠዋት ከእጇ ኪኒን የተቀበለ ሰው ሆኖ አገኘችው። ሲነጋ ይረሳል ብላ ተኛች። ሰቆጣ ግን ሆዱ ሲሽርለት ሕመሙን ይረሳል እንጂ አሳመመችኝ ያላትን ሴት አይረሳም።

የኪኒኑ ነገር የሚጀምረው ከወንድሟ ከገብረ አምላክ ነው። ገብረ አምላክ ማር ነጋዴ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሆዱን በመዳፉ እየደገፈ «ቃር ነው» ሲል ኖረ። ለቃሩ ተልባ ጠጣ፣ ወተት ጠጣ፣ ሶዳ በጠበጠ፣ ጠበል ገባ። ጨጓራ ያለበት ሰው በዋግ ምድር ብርቅ አይደለምና ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረለትም። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ሲያስፈልገው፣ እህል አልወርድ ሲለው ደሴ ወሰዱት፤ ሐኪሙም የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ዘገያችሁ አለ። ሸጌ ውኃ በማንኪያ እያጎረሰች አስታማ ሸኘችው። ከለቀስተኛው በሽታውን በስሙ የጠራ አልነበረም፤ «ያ ነገር» ብቻ አሉት፤ ስሙን ቢጠሩት በር ከፍቶ የሚገባ ይመስል።

ስሙን የጠራችው ግቢዋ ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየችው ሲስተር ትግስት ናት። ትግስት ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ነርስ ስትሆን፣ ኪራይ በወሩ መጀመሪያ ከፋይ፣ በምክር ግን አስቸጋሪ ናት። «ጨጓራ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ጀርም አለ፣ እትየ ሸጌ» አለቻት። «አብዛኛውን ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፤ ብዙው ሰው ምንም ሳይሆን አብሮት ይኖራል። አንዳንዱን ግን ጨጓራውን ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ለዓመታት ሲቆይ ደግሞ በጥቂቶቹ ላይ ወደ ካንሰር ይለወጣል። እርስዎና ጋሽ ገብረ አምላክ ከአንድ ገበታ በልታችሁ ነው ያደጋችሁ። ቃሩ ደግሞ እርስዎም አለብዎት። መመርመር ይኖርብዎታል።» ሸጌ ደሴ ወርዳ ሰገራዋን በክብሪት ቀፎ አድርጋ ሰጠች፤ በሕይወቷ ለመንግሥት ሠራተኛ ካቀበለችው ነገር ሁሉ ያሳፈራት ያ ነው። ጀርሙ ተገኘ። ሸጌም ቤት አከራይ ነችና ነገሩ በራሷ መንገድ ገባት፦ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ግድግዳዋን እየቦረቦረ ነው።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ሁለት ቀለም ያለው እንክብል፣ ከምግብ በፊት የምትወሰድ ደቃቃ ነገርና ትልቁ ነጭ ኪኒን። ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት፣ አንዲትም ሳትጎድል። «ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ እስኪጨርሱ የለም። በተለይ ከዚህ ከነጩ ጋር ከተገናኘ እንደ ጉድ ያስመልስዎታል» ብላ ትግስት አስጠነቀቀቻት። ሸጌ ከመጠጡ እጇን ሰበሰበች፤ ቃሏን ጠባቂ ሴት ናት። ያልጠበቀችው ሌላውን ነው። እሷ እንኳን መድኃኒት ሽንብራም ለብቻዋ ቆርጥማ አታውቅም። በማኅበር፣ በሠርግ፣ በተዝካር፣ የሸጌ ጉርሻ የታወቀ ነው፤ ዓይን እስኪያስፈጥጥ ድረስ ታጎርሳለች፤ የእሷን ጉርሻ ሳይቀበል የወጣ እንግዳ ገበታ የቀረበ አይመስለውም። እና አሁን፣ በየቤቱ ሆዱን ይዞ የሚያቃስት ጎረቤት እያለ፣ እሷ በሩን ዘግታ ኪኒኗን ልትውጥ ነው? ጠዋት የራሷን ዋጠች፤ የማታውን ነጭ ግን ለተቸገረ ሰጠች። ነጩን የመረጠችው ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ደቃቆቹ ምን ይረባሉ ብላ። ትግስት ማታ ማታ ከክፍሏ ሆና «እትየ ሸጌ፣ ዋጡ?» ስትላት፣ «ተዋጧል ልጄ» ትላታለች። መቼም አንድ ሰው መዋጡ አልቀረም።

የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ደግሞ በቦሰና ጓዳ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ «ይህን በርበሬ ዛሬ ጨጓራችን እንዴት ይችለዋል?» ሲሉ፣ ሸጌ መቀነቷን ፈትታ የቋጠረችውን ነጭ ሁሉ አደለች። ማስተዋል ሁለት ጠየቀች፣ ሁለት ተሰጣት። ለቄስ አሥራተ ማርያም በር ላይ፣ ገና መስቀል እንዳሳለሟት በቡራኬው ምትክ አንድ አስጨበጠቻቸው። ጠላ አትጠጡበት ማለቱን ረሳችው። ከደግነቷ ብዛት ረሳችው። በጓዳው ከነበሩት ሴቶች ያልወሰደችው ቦሰና ብቻ ነበረች፤ «እኔ ድንጋይ ብበላ የማልታመም ነኝ» ብላ።

ድስቱ ሳይጠራ ቀረ። ሸጌ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ለቦሰና ሁሉንም ልትነግራት ነው። የቦሰና ቤት ከገበያው በላይ ከዳገቱ አፋፍ ላይ ነው፤ አንዲት ክፍል ከነጓዳዋ፣ ከግድግዳው የተጠጋ መደብ፣ ከመደቡ ፊት ሁለት አግዳሚ፣ ከጥጉ ደግሞ አፋቸው በጨርቅ የታሰረ ሦስት ጋን። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትተዳደረው በእነዚህ ጋኖች ነው፤ ለገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ሳይጠማውም ጎራ ይል ነበር፤ ጣሳው በሃምሳ ሳንቲም፣ ጨዋታው በነጻ። ነገ ገበያ ነው። ከጋኖቹ በላይ፣ ከማርያም ሥዕል ሥር፣ የማኅበሩ ጽዋ በሙዳዩ ተሰቅሏል። ሸጌ ስትገባ ቦሰና አንደኛውን ጋን አቅፋ ቆማ አገኘቻት። ልትደፋው ይሁን ልታባብለው አይታወቅም።

«ቦኖው ምን አለ?» አለች ቦሰና ሳትዞር።

«ቦኖ ምን ይላል፤ ውኃ ይላል።»

«ውኃ ብቻ?»

ሸጌ መደቡ ላይ ተቀመጠችና የነጠላዋን ጥለት መቁጠር ጀመረች። ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከኪኒኑ በስተጀርባ ያለው ሁሉ ተከታትሎ ታያት። ለምን ኪኒን ያዝሽ ይሏታል። ጀርም ተገኘብኝ ልትል ነው። የምን ጀርም? የገብረ አምላክ። በምን ይተላለፋል? ትግስት ነግራታለች፤ በውኃ፣ በምግብ፣ ባልታጠበ እጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍትላታል? ገበታ ላይ እጇን ስትዘረጋ ሰው ሁሉ ጥርሱን ገጥሞ «በቃኝ፣ ጠገብሁ» ሲላት ታያት፤ ሞትን ያን ያህል አልፈራችም፤ ይህን ግን ፈራች።

ቦሰና ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ገብሱን እኔና አንች አይደለን አብረን የለቀምነው? በዚህ ሰፌድ? አንዲት እንክርዳድ አየሽ?»

«በማርያም፣ አንዲትም።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልጠጣሽም?»

«ሆዴን አሞኝ ነዋ።»

«አሁንስ ያምሻል?»

«አሁንስ... ደህና ነኝ።»

ቦሰና ጣሳ አነሣች፣ አለቀለቀች፣ ከጋኑ ቀድታ ሰጠቻት። ሸጌ ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጠላው መልካም ነበር፤ ጌሾው ልኩን ያገኘ፣ ቀለሙ የጠራ፣ ሽታው ምራቅ የሚያስውጥ። ነጩን ኪኒን የዋጠችው ግን ገና ዛሬ ጠዋት ነው። ብትጠጣ እዚሁ ቦሰና ፊት ታስመልሳለች፣ እንክርዳዱም እውነት ሆነ ማለት ነው። ባትጠጣ ደግሞ ያው ነው። ጣሳውን ወደ አፏ አስጠጋች፣ አሸተተች፣ መልሳ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። አንድ ዝንብ መጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ እሱስ ይጠጣ ነበር።

ቦሰና ጣሳውን ከእጇ ወሰደችና ራሷ እስከ አተላው ጨለጠችው። «መርዝ እንዲህ ነው የሚጠጣ» አለች። ቀጥላም «ሂጂ በይ፣ ሥራ አለኝ» አለቻት። ሁለቱ ከተዋወቁ ጀምሮ ቦሰና ለሸጌ «ቁጭ በይ፣ ምን ያስቸኩልሻል» እንጂ «ሂጂ» ብላት አታውቅም። ሸጌ ዳገቱን ስትወርድ እግሯ ከድንጋይ ድንጋይ ይመታ ነበር፤ በኽምጣናም ራሷን ትረግማለች፤ ስትናደድ የሚቀናት የእናቷ ቋንቋ ነው።

ከዳገቱ ሥር ቄስ አሥራተ ማርያም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲመጡ አገኘቻቸው። ፊታቸው ገርጥቷል። መስቀል ካሳለሟት በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ሸጌ፣ ያች ነጭ ኪኒን ቀርታሽ ይሆን?»

«ምነው አባ?»

«ደግ መድኃኒት ነበረች እኮ! ያ ጠላ ባያበላሽብኝ ተፈውሼ ነበር። አፌን ብቻ ሳንቲም የመጠጥሁ አስመስላዋለች። ለማንኛውም በዘጠኝ ሰዓት ቦሰና ቤት እንሰበሰባለን። ደንቡን ታውቂው የለ፣ ማኅበር ያበላሸ ጽዋው ከቤቱ ይወጣል። እኔ አዝናለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ ነው የተጎዳ።»

ሸጌ እጃቸውን ስማ ተለየች። የሰቆጣ ጠላ ሻጭ ጽዋ ከቤቷ ወጥቶባት ገበያተኛ ይገባልኛል ብላ ጋኗን ብትከፍት፣ የሚገባላት ዝንብ ብቻ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ጽዋው ከወጣ ነገ የሚገባ የለም፤ ከነገ ወዲያም የለም። ሰውን ማብላት የምትወድ ሴት የሰው እንጀራ እየዘጋች ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ትግስት ለምሳ ተመልሳ በሯ ላይ ቲማቲም ትከትፋለች። ሸጌ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ሁሉ ተናገረች፤ የማታውን ነጭ፣ የመቀነቱን እደላ፣ የማስተዋልን ሁለት፣ የቄሱን ሩጫ። ትግስት ቢላዋውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎ ለመቆጣት አየር ሳበች፣ የቄሱ ሩጫ ላይ ሲደርሱ ግን ትንፋሹ በአፍንጫዋ ወጣ፤ ሳቀች፣ ስቃም በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠራረገች።

«እትየ ሸጌ፣ ፀረ ተሕዋስያን እኮ እንደ ድፎ ዳቦ አይቆረስም! ግማሹን ብቻ የተመታ ጀርም ይለምደዋል፤ በኋላ ሙሉውን ቢውጡም ይስቅብዎታል። የሰጧቸውም ሰዎች በአንድ ኪኒን አይድኑም።»

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ነው ያደግሁት፣ ልጄ።»

«ይሄን ለብቻዎ ካልበሉት ነው የሚሞቱት!» አለች ትግስት፣ ከዚያም ደንግጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሞታሉ ማለቴ አይደለም። ጀርሙ ያለበት ሁሉ ካንሰር አይይዘውም፣ ነግሬዎታለሁ። ግን ወንድምዎን አይተዋል። ጋሽ ገብረ አምላክ በጊዜው ይህን ኪኒን የሚሰጠው ቢያገኝ ምናልባት ዛሬ ማሩን ይመዝን ነበር። እርስዎ አግኝተው እንዴት ለማስተዋል ይሰጣሉ?»

ሸጌ ለወንድሟ ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም ነበር። አሁን አለቀሰች፤ ቲማቲሙ ፊት፣ ያለ ሙሾ። ትግስት ጀርባዋን እያሻሸች፣ የጎደለውን ከመድኃኒት ቤት አሟልታ ከዛሬ ማታ እንደ አዲስ እንደሚያስጀምሯት ነገረቻት። ሸጌ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የተጨነቀችበትን ጠየቀች፤ የሚያስፈራት ጎረቤቱ ሲሰማ መሸሹ መሆኑን። ትግስት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከማን ነው የሚደብቁት? ሰቆጣን ቤት ለቤት ብመረምር ከግማሽ በላይ ያለበት ይመስለኛል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ መድኃኒትዎን ይጨርሱ። አብሬዎት ልምጣ?» ሸጌ አይሆንም አለች። ያደለችው እሷ ናት፤ የምትሰበስበውም እሷ ናት።

በዘጠኝ ሰዓት የቦሰና አግዳሚዎች ሞልተው ነበር። ቦሰና ለተሰብሳቢው ዳቦ ቆርሳ በሳህን አቅርባለች፤ ለሚፈርዱባት ሰዎችም ቢሆን ባዶ አፍ አታስቀምጥም። ጠላ ግን አልቀዳችም፣ ማንም አልጠየቀም። ማስተዋል ቁራሽ ዳቦ ይዛ ስለ እንክርዳድ ጠባይ ታስረዳለች፤ ቄሱ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ የደንቡን ቃል ይፈልጋሉ። ጽዋው ከሥዕሉ ሥር እንደተሰቀለ ነው። ሸጌ ከበሩ አልፋ መሀል ቆመች። መቀመጫ ቢሰጧትም አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች እንደማትናገር ታውቃለች።

«ጠላው ንጹሕ ነው» አለች። «ያስመለሳችሁ እኔ ነኝ። ትናንት ከእጄ ኪኒን ሳይወስድ ያስመለሰው ሰው ካለ ይነሣ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማስተዋል ከልማድ የተነሣ ብድግ ልትል ጀምራ ተመልሳ ተቀመጠች። የታመሙት ሁሉ አንድ በአንድ ትናንት ጠዋት መዳፋቸው ላይ ያረፈውን ነጭ ኪኒን አስታወሱ፤ ያልታመሙትም ከወጥ ቤቱ ርቀው የነበሩት ወንዶች መሆናቸውን አስተዋሉ። እነሱ ጠላውን ጠጥተው፣ ደግመው፣ ዘፍነው ነው የሄዱት። «ኪኒኑ ከጠላ አይስማማም። ነርሷ ነግራኝ ነበር፤ ለእናንተ መንገሩን ረሳሁ። እኔ ያልጠጣሁት ለዚያ ነው እንጂ የቦሰናን ጓዳ ጠርጥሬ አይደለም» አለች ሸጌ። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ቦሰና ነጻ ወጥታለች። ግን ቦሰና ከጋኑ አጠገብ ሆና «ጠዋት ጠይቄሽ አልነበረ? ይህን መናገር ምን ነበረበት?» አለቻት፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የመጨረሻው እውነት ካልሆነ መልስ አልነበራትም።

«ፈርቼ ነው። ኪኒኑ የወንድሜን የገብረ አምላክን ጨጓራ ያቆሰለውን ጀርም የሚገድል ነው። ጀርሙ እኔም አለብኝ፤ ደሴ ተመርምሬ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል አሉ። ስንቱን ዓመት ያጎረስኋችሁ በዚህ እጄ ነው። ከእንግዲህ ጉርሻዬን ብትፈሩት አልቀየምም።» የመጨረሻውን ቃል ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ እንደምትቀየም ሁሉም ገባው።

ማስተዋል በእጇ የያዘችውን ቁራሽ ዳቦ ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ መለሰች። ያች ቁራሽ ሸጌን ከበሽታው ይልቅ አመመቻት። በዚህ መሀል ቄስ አሥራተ ማርያም ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሐሳብ ተውጠው ነበር።

«ነርሷ ከልጅነት ነው የሚይዘው አለች?» አሉ።

«አብዛኛውን ከልጅነት፣ አባ።»

«ከከተማውም ግማሹ አለበት አለች?»

«ከግማሽም በላይ ይመስለኛል አለች።»

ቄሱ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «እኔ በዚህ ከተማ ያልበላሁበት ቤት የለም። ክርስትና፣ ሠርግ፣ ሰባት፣ ዐርባ፣ ሙት ዓመት። ዙሪያውም አልቀረኝ፤ ጽጽቃ ድረስ ሄጄ በልቻለሁ። እንዲያ ከሆነ ጀርሙ ከእኔ በቀር የት ሊያድር ነው? እኔ ነኝ እናንተን መሸሽ የነበረብኝ ወይስ እናንተ እኔን?» አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ አግዳሚውን ይዞ ዞረ። ማስተዋል ሳታስበው ሆዷን ዳበሰች፤ «አባ፣ እኔም እኮ ቃር አያስተኛኝም» አለችና ያን የመለሰችውን ዳቦ አንሥታ ገመጠች። የቃር ነገር ከተነሣ ደግሞ ዝም የሚል አልነበረም፤ ፍርዱ ተረስቶ ሁሉም ስለ ጨጓራው ይመሰክር ጀመር። ነገ ከነርሷ ደጅ ማን ይቅደም በሚል እስከመጨቃጨቅ ደረሱ።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። የሸጌ የነፍስ አባቷ ናቸውና ቀኖና መስጠት ሥልጣናቸው ነው። «ጽዋው ከቦሰና ቤት አይወጣም። ሸጌ፣ አንች ግን አጥፍተሻል። ቀኖናሽ ስግደት አይደለም፣ ጾምም አይደለም። መድኃኒትሽን ለብቻሽ ትውጫለሽ። ከደጅሽ ወድቄ ብለምንሽ ለእኔም አትሰጭኝ። እስክትጨርሽ ማታ ማታ ቦሰና ቆማ ታይሻለች፤ የተበደለች እሷ ናት።» ቦሰና ሳህኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ማስተዋል ግን ወጥታለች። አፏ ለክፉም ለደጉም እኩል ነው የሚፈጥን፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የቦሰና ጠላ እንደ ወለላ የጠራ መሆኑን ያልሰማ ቦኖ አልቀረም።

ምሽት ላይ ሸጌ ሽሮዋን አቅርባ ለብቻዋ ተቀመጠች። ትግስት ያመጣችላት መድኃኒት ከሳህኑ አጠገብ ተደርድሯል። ቦሰና የምትመጣ አልመሰላትም። ስሟ ጠርቶላታል፣ ነገ ቤቷ ይሞላል፤ ልቧ ግን ጠዋት ጣሳዋን ይዛ የቀረችውን ሴት በምን ትረሳለች? በሩ ሲከፈት ሸጌ ቀና አለች። ቦሰና ነጠላዋን ሳታወልቅ ገባችና ከፊቷ ተቀመጠች።

«ቀኖናሽን ላስፈጽም ነው እንጂ አንችን ልጠይቅ አልመጣሁም» አለች።

«አውቃለሁ።»

ቦሰና ደቃቃዋን፣ እንክብሉን፣ ትልቁን ነጭ በመዳፏ ሰበሰበች። ሸጌ እጇን ብትዘረጋም አልሰጠቻትም። «እጅሽን አላምነውም፤ እሱ ሰጪ ነው። አፍሽን ክፈች!» አለችና አንድ በአንድ አጎረሰቻት፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ውኃ አስጎነጨቻት፣ ምላሷንም አስወጥታ አየች። «ለብቻሽ ብይው። ስስታም ሁኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ስስታም ሁኝልኝ» አለች። መጨረሻ ላይ ድምጿ ቀጠነ። «ገብረ አምላክን ቀብረሻል። እኔ አንችን ቀብሬ ከማን ጋር ገብስ ልለቅም ነው?»

ሽሮው እየበረደ ነበር። «ብይ እንጂ» አለቻት ሸጌ፣ ሳህኑንም ወደ ቦሰና ገፋ አደረገችው። ቦሰና ግን እንጀራውን አልነካችም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ታያታለች። ሸጌ የሚጠበቅባትን አውቃለች። ተነሥታ በሳሙና ታጠበች፤ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ጥፍሯን ፈተገች። ተመልሳም እንጀራ ቆርሳ ሽሮ ላይ አንከባለለች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ትንሽ ጉርሻ ጠቅልላ አታውቅም፤ ለድመት የሚጣል ያህል ነው። ወደ ቦሰና አፍ ዘረጋችው። ቦሰና አፏን ከፍታ ተቀበለች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

ከዚያም አፏን መልሳ ከፈተች። ሸጌ ግራ ገብቷት ስታያት ጊዜ፣ ቦሰና በጣቷ ወደ ሳህኑ እያመለከተች፣ «ምነው፣ ምን ታይኛለሽ» አለች፤ «አንድማ ያጣላል።»